ኤም ቢ ኤ ከአዲስ አበባ ወይስ ከባሕር ዳር?

ባለፈው ነሐሴ ማብቂያ ላይ ወደ ደቅ ስሻገር ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ። ሁለቱም ለኤም ቢ ኤ ትምህርት መቀበሌን የሚያበስሩ ናቸው። ጀልባው በቆርቆሮ፣ በዘይት ጀሪካንና ለዘመን መለወጫ በተገዛ ሸቀጥ ተጨናንቋል። ጣና በክረምቱ ጎርፍ ደፍርሷል። እኔ ግን ሐይቁንም ሰውንም አላየሁም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በግራ አዲስ አበባ፣ በቀኝ ባሕር ዳር።

የተወለድኩት ደቅ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምሬ ለሁለተኛ ደረጃ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ገባሁ። የማኔጅመንት ዲግሪዬን ይዤ ዛሬ በአንድ የግል ባንክ ዲስትሪክት ውስጥ የማርኬቲንግ ኦፊሰር ሆኜ እሠራለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው፤ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችን። እናቴ እስካሁን ደቅ ትኖራለች፤ ለደም ግፊቷ በየሦስት ወሩ ሐይቁን ተሻግራ ባሕር ዳር መታየት አለባት።

እማዬ ቡና እያፈላች ወረቀቶቹን ዘርግቼ አንድ በአንድ ተረኩላት። የአዲስ አበባው አንጋፋ ነው፣ ከአለቆቼ ብዙዎቹ የተማሩት እዚያ ነው፣ ስሙ ብቻውን ያስከብራል። የባሕር ዳሩ ቅርብ ነው፣ ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ሥራዬን አልለቅም። ተናግሬ ስጨርስ ሲኒውን አቀበለችኝና፣ «ልጅቱስ የት ታድራለች?» አለችኝ።

ሠንጠረዤ ውስጥ ይህ መስመር አልነበረም።

ምናልባት በእርስዎም ቤት ይህን የመሰለ ክርክር ይኖር ይሆናል። ራስዎ ወይም ባለቤትዎ ሁለተኛ ዲግሪ ለመጀመር አስበው፣ «ትልቁ ስም» ያለው ሩቅ፣ «የሚመቸው» ደግሞ ደጅዎ ላይ ሆኖ ተቸግረው ይሆናል። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ የሠራሁትን ስሌት፣ የጠየቅኩትን ጥያቄና የተሳሳትኩትን ስሕተት ልንገርዎ። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ቤትዎም ከእኔ ቤት ይለያል።

ስሙ ስንት ያወጣል?

እኔ የገበያ ሰው ነኝ፤ የስምን ዋጋ አልንቅም። አንድን ምርት ከሌላው የሚያስበልጠው ብዙ ጊዜ ስሙ መሆኑን በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ በስም ልጀምር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ትምህርት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሥሩ ያለው፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በ1935 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። የአገራችን የባንክና የመሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ትውልድ ከትውልድ የወጣው ከዚያ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ በዩኒቨርሲቲነት የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. ቢሆንም ሥሩ ረዘም ይላል። በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክና በ1972 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ተጣምረው ነው የተፈጠረው። የከተማችን ሰው እስከ ዛሬ «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ግቢዎቹን የሚጠራው ለዚህ ነው።

በወረቀት ላይ ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ ሁለቱንም የምርምር ዩኒቨርሲቲ ብሎ መድቧቸዋል። እኔም ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አንድ ጊዜ ተፈትኜ ያንኑ ውጤት ነው ለሁለቱም ያቀረብኩት። በነገራችን ላይ ይህን ፈተና አቅልለው አይዩት። ከኮሌጅ ከወጡ አሥር ዓመት ከሆነዎ ሒሳቡና የአመክንዮ ጥያቄዎቹ ላብ ያስወጣሉ። እኔ ለሁለት ወር ልጄ ከተኛች በኋላ ማታ ማታ ነው ያጠናሁት፤ ስለ ባቡር ፍጥነት የሚጠይቅ ጥያቄ ባቡር አይቶ ለማያውቅ የደቅ ልጅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ልንገርዎ አልችልም።

እውነተኛው ልዩነት ያለው ከወረቀቱ ውጭ ነው። ኮሜርስ ያለው ሰንጋ ተራ ነው። የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንጻ የቆመው፣ የግል ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን የደረደሩት በዚያው አካባቢ ነው። እዚያ የሚማር ሰው ከክፍል ወጥቶ በእግሩ ሄዶ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሊቀርብ ይችላል። እስቲ ይህን ያስቡ፤ ከዚህ ከባሕር ዳር የተነሣው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም «አብቁተ» የምንለው፣ ባንክ ሆኖ ፀደይ ሲባል ዋና መሥሪያ ቤቱ የሆነው አዲስ አበባ ነው። የአማራ ባንክም እንዲሁ። በእኔ ሙያ ከኦፊሰርነት በላይ ያለው መሰላል፣ ማለትም ማስታወቂያው የሚታሰብበት፣ በጀቱ የሚፈረምበት ቦታ በሙሉ እዚያ ነው። ዲስትሪክት ያለ ሰው የተዘጋጀውን ባነር ተቀብሎ ይሰቅላል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አበባን ለመምረጥ በቂ መስሎ ነበር የታየኝ።

አብራኝ ትሠራ የነበረች አንዲት እኅት አለች። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ሥራዋን ለቃ አዲስ አበባ ገባች። አላገባችም፤ ታላቅ ወንድሟ ጋር አረፈች፤ የቤት ኪራይ የለባትም። ማታ ማታ ትማራለች፣ ቀን ቀን በትንሽ ደመወዝ የምትሠራበት ቦታ አገኘች። በሁለተኛው ዓመት ለቡድን ሥራ አብሯት የተመደበው ሰው በአንድ ትልቅ የመጠጥ ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ነበር። ዛሬ እሷም እዚያው ነው የምትሠራው። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ራሱ ተለውጧል። ደስ ብሎኛል፤ ቀንቻለሁም። እሷ ትክክል ነው የመረጠችው፤ ማንም እንዲያጣጥልባት አልፈልግም። ነገር ግን የእሷን ውጤት ሳይ፣ ውጤቱን ያመጣው ዲግሪው ብቻ ሳይሆን የወንድሟ ቤት ጭምር መሆኑን ለመገንዘብ ጊዜ ወስዶብኛል።

በሩብ ሉክ ወረቀት ላይ

ከደቅ ስመለስ ባለቤቴ ከልጅ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ቀድዶ፣ «ነይ በቁጥር እንየው» አለኝ። መምህር አይደል፤ ያለ ጠመኔ ማሰብ አይሆንለትም።

የአዲስ አበባው ኤም ቢ ኤ ዋጋ ማለት የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ነው ብለን ጀመርን። ከዚያ የቤት ኪራይ ገባ። ከዚያ ሁለተኛ ማዕድ ቤት፤ ሁለት ቦታ የሚኖር ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ዘይት፣ ሁለት ጊዜ በርበሬ፣ ሁለት ጊዜ የመብራት ሒሳብ ይከፍላል። ከዚያ የልጅ ጠባቂ፤ ምክንያቱም ባለቤቴ ጠዋት ክፍል ሲገባ ልጃችንን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ መመላለሻ። በድሮው ጊዜ ማታ ሻንጣ አዘጋጅቶ ንጋት ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደብረ ማርቆስ ምሳ በልቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ማምሸት የአንድ ቀን ድካም ነበር። አሁን ባለው የመንገድ ሁኔታ ቤተሰብ ያለው ሰው የሚያስበው አውሮፕላን ነው፤ የአንድ ሰዓት በረራ ነው፤ ዋጋው ግን በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ወገብ ይቆርጣል። በመጨረሻም የማልቀበለው ደመወዜ። ይህን መስመር ብዙ ሰው ይዘነጋል። መደበኛ ተማሪ ሆነው ሥራዎን ከለቀቁ የሁለት ዓመት ደመወዝዎ፣ ጉርሻውና የጡረታ መዋጮው ጭምር የዲግሪው ዋጋ አካል ነው።

ስንደምረው የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ከመስመሮቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ አረፈ። ሁለታችንም ወረቀቱን እያየን ዝም አልን።

እርስዎም ይህን ሒሳብ ሲሠሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ዘንድሮ የተነገረዎትን ዋጋ ለሁለት ዓመት አያባዙት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኪራዩም የአስቤዛውም ዋጋ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ሆኗል፤ ስለዚህ የቀድሞ ተማሪ የነገረዎትን የክፍያ መጠን አይያዙ፣ ሬጅስትራር ሄደው የዘንድሮውን ይጠይቁ።

ከዚያ በሌላኛው ገጽ ላይ ዲግሪው የሚያስገኘውን ጻፍን። እዚህ ላይ አብዛኞቻችን ራሳችንን እናታልላለን። «ኤም ቢ ኤ ካለኝ ደመወዜ ያድጋል» ማለት ቀላል ነው፤ በስንት? በእኔ መሥሪያ ቤት የደመወዝ እርከኑ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉን ጠየቅኩ። ሁለተኛ ዲግሪ ለእድገት ሲወዳደሩ ነጥብ ያሰጣል እንጂ በራሱ ደመወዝ አይጨምርም። ነጥቡ ደግሞ የተማሩበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አይጠይቅም፤ እውቅና ያለው ይሁን ብቻ ነው የሚለው። ለወራት እንቅልፍ ያሳጣኝ «የቱ ስም ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ አሁን ባለሁበት ቤት ውስጥ ዋጋው ዜሮ መሆኑን ያወቅኩት በአሥር ደቂቃ ንግግር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን መጨረሻ ጠየቅኩ።

መሥሪያ ቤትዎ ክፍያውን ሊሸፍንልዎ ይችል ይሆናል። ደስ ይላል፤ ግን ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡ። አብዛኛው ጊዜ ከተመረቁ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ ዋስም ይጠይቃል። ዋስዎ የሚሆነው አጎትዎ ወይም የባለቤትዎ ወንድም ነው፤ እርስዎ ውሉን አፍርሰው የተሻለ ሥራ ቢያገኙ የሚጠየቀው እሱ ነው። ስለዚህ ይህ የእርስዎ ብቻ ውል አይደለም። ከመፈረምዎ በፊት ለዋስዎ ያስነብቡት።

ሁለተኛ ዲግሪ፣ ግን የምን?

ሌላ ያልተነጋገርንበት ነገር አለ፤ ኤም ቢ ኤ ራሱ። ይህ ዲግሪ የመቶ ዓመት ታሪክ ነው ያለው፤ ሃርቫርድ የመጀመሪያውን ፕሮግራም የከፈተው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። በብዙ አገር የሚማረው ሌላ ሙያ ይዞ ወደ አመራር የሚሻገር ሰው ነው፤ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የሕግ ባለሙያ። እኛ ጋ ግን ማኔጅመንት ወይም አካውንቲንግ የተማረ ሰው በቀጥታ ወደ ኤም ቢ ኤ ይገባል፤ ከዚያም የመጀመሪያውን ሴሚስተር ግማሽ «ይህን እኮ አውቀዋለሁ» እያለ ያሳልፋል። እኔንም ደርሶብኛል። እንደ እኔ የቢዝነስ ዲግሪ ካለዎት በአንድ ዘርፍ ላይ ያተኮረውን ሁለተኛ ዲግሪም ይመልከቱ። ኮሜርስ ለምሳሌ በማርኬቲንግ ማኔጅመንት የማስተርስ ፕሮግራም አለው። ቤተሰቤ ባይኖር ኖሮ እሱን እመርጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። ነርስ ወይም መሐንዲስ ሆነው ክፍል ለመምራት የሚዘጋጁ ከሆነ ግን ኤም ቢ ኤ ለእርስዎ ነው የተሠራው።

በሥራ ላይ ሆኖ መማርም አያሳፍርም። አቶ መለስ ዜናዊ ኤም ቢ ኤያቸውን ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው በ1995 እ.ኤ.አ. ሲይዙ ከሥልጣን ወንበራቸው አልተነሡም። «ኤክስቴንሽን ነው የተማረው» ብሎ ከንፈር ለሚመጥ ዘመድ ይህን መንገር በቂ ነው።

አሁን ስሕተቴን ልንገርዎ። ከሦስት ዓመት በፊት በኢንተርኔት ማስታወቂያ አይቼ ከአንድ የውጭ ተቋም «ቤትዎ ሆነው ኤም ቢ ኤ» የሚል ፕሮግራም ተመዘገብኩ። ስሙን አልጠራም። አማካሪያቸው በየቀኑ ይጽፍልኝ ነበር፤ «ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል» ይለኛል። እኔ ራሴ ለደንበኛ የምጽፈውን ማባበያ ሌላ ሰው ሲጽፍልኝ አላወቅኩትም፤ ይገርማል። የመጀመሪያውን ክፍያ ውጭ አገር ያለች አክስቴ ከፈለችልኝ። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠር ትምህርቱ ከነፈተናው አመለጠኝ። ስመለስ የጠየቁኝ አዲስ ክፍያ ነው። ያን ጊዜ ነው ዘግይቼ የነቃሁት፤ በአገራችን የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ሄጄ ስጠይቅ ያ ተቋም በገዛ አገሩም እውቅና እንደሌለው ተረዳሁ። የአክስቴ ገንዘብ በዚያው ቀረ። አክስቴ አንድም ቀን አላነሣችብኝም፤ ያ ነው የበለጠ የሚያሳፍረኝ።

የግል ኮሌጅም ይሁን የውጭ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ባለሥልጣኑን ይጠይቁ። የተቋሙን እውቅና ብቻ ሳይሆን የሚማሩበት ፕሮግራምና የሚማሩበት ካምፓስ እውቅና እንዳላቸው ለይተው ይጠይቁ።

ክፍል ውስጥ ማን ተቀምጧል?

ሠንጠረዡን ትቼ ሁለቱንም ቦታ በዓይኔ ለማየት ወሰንኩ። ለሥራ አዲስ አበባ በተላክሁበት ሳምንት ከዚያች እኅት ጋር የማታ ክፍል ገባሁ። የባንክ ሰው፣ የአየር መንገድ ሰው፣ የቴሌ ሰው፣ አንድ የአስመጪ ልጅ። በእረፍት ሰዓት የሚወራው ስለ ሥራ ዝውውርና ስለ አክሲዮን ነው። የስልክ ቁጥር እንደ ከረሜላ ይታደላል።

ባሕር ዳር ቅዳሜ ጠዋት የገባሁበት ክፍል ሌላ ነው። የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ፣ የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ እንግዳ ከቀነሰበት ጊዜ ጀምሮ ሠራተኛ ላለማሰናበት የሚታገል የሆቴል ሰው፣ ከወረዳ የመጡ ሁለት የፋይናንስ ባለሙያዎች። አስተማሪው ስለ ዋጋ አወሳሰን ሲያስረዳ ምሳሌው ኮካ ኮላ ነበር። የሆቴሉ ሰው እጁን አወጣና፣ «ጌታዬ፣ እኔ አልጋዬ ባዶ ሲያድር ዋጋ ልቀንስ ወይስ ልጠብቅ?» አለ። የቀረው ሰዓት በሙሉ በእሱ አልጋ ላይ ሆነ። አሥራ አምስት ሰው ተከራከረ። ከዚያ ክፍል ስወጣ የሚሸጥ የስልክ ቁጥር አልያዝኩም፤ የዋጋ አወሳሰንን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳሁት ያን ቀን ነው።

እርስዎም ይህን ያድርጉ። ማስታወሻ ደብተር ይዘው አንድ ክፍል ገብተው ይቀመጡ፤ ፈቃድ ሲጠይቁ እምቢ የሚልዎ ብዙ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት የገቡትን ተማሪዎች ፈልገው ስንቱ እንደጨረሰ ይጠይቁ። አብዛኛው ሰው የሚቆመው በኮርሱ ላይ ሳይሆን በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ነው፤ አማካሪው መምህር ስንት ተማሪ እንደያዘ፣ ለአንድ ምዕራፍ ምላሽ ለመስጠት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት ማወቅ ከዩኒቨርሲቲው ዕድሜ የበለጠ ይጠቅምዎታል። ሁለት ዓመት ብለው ለቤተሰብዎ ቃል ገብተው ሦስት ዓመት ቢሆን ምን ይሆናል? ይህን ከባለቤትዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

«እኔን ሰበብ አታድርጊኝ»

መስከረም መባቻ ላይ እንደገና ደቅ ነበርኩ። ከእማዬ ጋር ናርጋ ሥላሴ ተሳልመን ስንወጣ፣ የባሕር ዳሩን ለመምረጥ እያሰብኩ እንደሆነ ነገርኳት። የደም ግፊቷን፣ የልጄን፣ የባለቤቴን ነገር ዘረዘርኩ። ናርጋን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ መሆኗን ልብ ይበሉ፤ ቤተ መንግሥቷ ጎንደር፣ ደብሯ ደቅ፣ ልጇን በዙፋን አስቀምጣ አገር ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ምስሏ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተሥሏል። ኤም ቢ ኤ የሚባል ነገር ሳይፈጠር መሆኑ ነው።

እማዬ እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ እኔን ሰበብ አታድርጊኝ» አለች። «እኔን ብለሽ ከቀረሽ ነገ ትቆጪኛለሽ። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ ካልፈለግሽም አልፈለግኩም በይ።»

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ? ስሙን እፈልገዋለሁ። ዋና መሥሪያ ቤት ገብቼ በጀት መፈረም እፈልጋለሁ። ግን ደግሞ፣ ማንም ሳይሰማኝ ለራሴ ስናገር፣ ልጄ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሽ?» ብላ የምትጠይቀኝን ሁለት ዓመት ለዚያ ልሰጥ አልፈለግኩም። እናቴም ባለቤቴም አልከለከሉኝም፤ እኔ ነኝ ያልፈለግኩት። ይህን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ ስነግረው እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ለመዛወር ማመልከቻ አዘጋጅቶ እንደነበር ነገረኝ። መሳቢያው ውስጥ ነበር። ተቀምጠን ሳቅን፤ ትንሽም አለቀስኩ።

ባሕር ዳር ተመዘገብኩ።

ዋጋ አላስከፈለኝም አልልዎትም። ታኅሣሥ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ የማርኬቲንግ ሲኒየር ኦፊሰር ቦታ ሲያወጣ የሥራ ቦታው አዲስ አበባ ነበር፤ ማስታወቂያውን ለዲስትሪክቱ ሠራተኞች ያሰራጨሁት እኔ ራሴ ነኝ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ያች እኅት ስትደውልም አንዳንዴ አላነሣላትም፤ ቆይቼ እደውላለሁ።

በሌላ በኩል ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። በምርምር ዘዴ ኮርስ ላይ መምህራችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እንድናስብ ሲጠይቀን እኔ ስለ ሞባይል ባንኪንግ ልጽፍ ነበር፤ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የሚጽፈውን። መምህሩ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ደቅ ስለው፣ «ታዲያ ዓሣው?» አለኝ። አሁን እየሠራሁ ያለሁት ጣና ላይ የሚሰገረው ቆረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ከጀልባ እስከ ሆቴል ማዕድ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍና በጾም ወራት ፍላጎቱ ሲጨምር ጭማሪው ለማን እንደሚደርስ ነው። መረጃ የምሰበስበው ከጎረቤቶቻችን ልጆች ነው። አስጋሪዎቹ መጠይቁን ሳነብላቸው ይስቁብኛል፤ «አንቺ የእነ እገሌ ልጅ አይደለሽም? ዋጋውን እኮ ታውቂዋለሽ» ይሉኛል። አላውቀውም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የፋይናንስ ፈተና ነበረኝ፤ የእማዬም የሕክምና ቀጠሮ ሰኞ ስለሆነ የምትመጣበት ጀልባ ከፈተናው ጋር ገጠመ። ባለቤቴና ልጄ ወደቡ ላይ ጠበቋት። ስልኬን አጥፍቼ ሦስት ሰዓት ከወለድና ከቅናሽ ስሌት ጋር ታገልኩ። ስወጣ ሦስቱም የግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ልጄ የአያቷን ነጠላ ተከናንባለች፣ እማዬ ዘንቢሏን አላስነካ ብላ ይዛለች፤ ከውስጡ የገሾ ሽታ ይወጣል።

«ስንት አገኘሽ?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

ገና አልታረመም አልኳት።